አንቱ የተባለበት ቀን

«እንዴ! ይቺማ ያቺ ጎረቤታችሁ ናት!» አለች የሥራ አስኪያጁ ባለቤት፣ ጠረጴዛው ላይ የቆመውን ፎቶ እያየች።

የመጣችው የመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ሠራተኛ እናቱ ሞታበት ለቅሶ ልትደርስ ነው። ቡና ልትቀዳ ፔርሙዙን ያነሳችው ታላቅ እህቱ እጇ አየር ላይ ቀረ። ሒሳብ ሠራተኛው እናቱ ከተቀበረች ጀምሮ የፈራው ይህንኑ ነበር። በር በሩን ሲያይ ጎረቤቶቹ «ምስኪን፣ ሐዘኑ አላስቀምጥ ብሎት ነው» እየተባባሉ ያንሾካሹኩ ነበር። ፎቶውን ሊያነሳው እጁን ሰድዶ፣ አፍሮ መልሷል።

«የቷ ጎረቤት?» አለች እህቱ።

«ግንቡ መንደር አብራን የሄደችው ናታ! ያቺ ጨዋታ አዋቂ! እሷም ሞተች እንዴ? ታዲያ የእናታችሁ ፎቶ የታለ?»

ባለፈው በጋ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞቹን ከነቤተሰባቸው በአውቶቡስ ጭኖ፣ በግንብ የታጠረውን ጥንታዊ መንደር ሊያስጎበኝ ተነሳ። «እማዬን ይዘሃት ሂድ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ከገበያው ወዲያ የት ሄዳ ታውቃለች?» ብላ የወተወተችው ልብስ ሰፊዋ እህቱ ነበረች። እናትየው ሽንኩርት ቸርቻሪ ነበረች። ሁለቱን ያሳደገችው፣ እሱንም ለወግ ያበቃችው በዚያው ሽንኩርት ነው። «ሽንኩርቱ ያስለቀሰኝ ይበቃል፣ እናንተ እንዳትደግሙኝ» ትል ነበር።

የመንደሩ በር ጠባብ ነው፤ ድንጋዩ በሰው ትከሻ ለስልሷል። አስጎብኚው፣ «በሩን ያጠበቡት ጠላት አንድ በአንድ እንዲገባ ነው» ሲል፣ እናቱ ከኋላ ተቀበለችው።

«እንደኔ ያለች ጠላት ከመጣችማ እዚሁ ተወትፋ ትቀራለች፤ ዘበኛ ምን ያደርግላቸዋል!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሥራ አስኪያጁ እንባውን ጠረገ። ባለቤቱ እየሳቀች ወደ ሒሳብ ሠራተኛው ዞረች።

«ማን ናት?»

የእናቱን የላስቲክ ጫማ አየ። ከዚያ የሴትዮዋን ጫማ አየ።

«ጎረቤታችን ናት። ብቻዋን ስለሆነች ይዣት መጣሁ።»

እናቱ ከጀርባው ነበረች። ግንቡ ላይ የሚያወጣው ደረጃ ጋ ሲደርሱ እጁን ዘረጋላት።

«ይተዉ ጌታዬ፣ እርስዎ ይቅደሙ» አለችው።

ፊቷ ላይ ቁጣ ፈልጎ አጣ። ቀኑን ሙሉ አንቱ አለችው። ሰው አሁንም በሚኖርባቸው ቤቶች መሀል፣ ልብስ በተሰጣበት ግንብ ሥር፣ ምሳ ላይ «ውሃ ልቅዳልዎ?» እያለች፣ እንዳይዋረድባት ደህና አድርጋ ጎረቤት ሆነችለት። ማታ ቤት ሲገቡ ለእህቱ የነገረቻት ሌላ ነው፦ «ልጄ ክንዴን ይዞ ግንቡ አናት ላይ አወጣኝ!»

በማግስቱ አንተ አለችው፤ ነገሩም ሳይነሳ ቀረ። አልጋ ከያዘች በኋላ ይቅርታ ሊላት አፉን በከፈተ ቁጥር፣ «ተወው፣ ይደክምሃል» ትለው ነበር፣ የደከመችው እሷ ሆና።

«እናቴ ናት» አለ አሁን፣ ከተቀመጠበት ተነስቶ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «ያን ቀን ጎረቤቴ ናት ያልኩት አፍሬባት ነው።»

የሥራ አስኪያጁ ባለቤት የያዘችውን ሲኒ ቁልቁል አየች። አንድ ሽማግሌ ጎረቤት አቀረቀሩ። እህቱ ፔርሙዙን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች፤ ተከተላት።

ከሩቅ የምትመጣው አክስታቸው እንድታርፍበት የእናታቸውን አልጋ እያነሳች ነበር።

«ክንዴን ይዞ አወጣኝ ስትለኝ» አለች ጀርባዋን እንደሰጠችው፣ «ለሰፈሩ ሁሉ አውርቼላታለሁ። ልብስ ሊያሰፋ ለመጣ ሁሉ።»

«አልያዝኳትም።»

«ገባኝ።»

ትራሱን ወደ ጎን አደረገች። ብርድ ልብሱን ስትስበው ትልቅ ሆነባት። ለብቻዋ ልታጥፈው ሞከረች፤ አልሆነላትም።

«ያዝ» አለችው፣ ፊቱን ሳታይ አንዱን ጫፍ እየወረወረችለት።

ያዘ። ዘረጉት፣ አጠፉት፣ ደግሞ አጠፉት፤ በእያንዳንዱ እጥፋት እየተቀራረቡ ሄዱ። በመጨረሻ ጫፍና ጫፉ ሲገናኝ እጆቻቸው ተነካኩ። እህቱ እንዲለቅላት ጠበቀች። አለቀቀም። እሷም አልሳበችበትም።