ረጅሙ አረር

አንሰል ትቬይት ቀኝ ዓይኑ ላይ ጥቁር መጋረጃ የወረደበት ቀን እኔ አጠገቡ ነበርኩ። መስከረም ነው፤ ከከተማችን ወጣ ብሎ ባለው የተኩስ ሜዳ ላይ ተቀምጠናል። ዝሆን ገዳይ የምንለውን ትልቅ ጠብመንጃውን ለሦስተኛ ጊዜ ተኮሰ፤ ሰደፉ ትከሻውን ደቃው። ከዚያ ቀና ብሎ፣

“ቨርል፣ መብራቱን ማን አጠፋው?” አለኝ።

ሰዓቱ ቀትር ነበር።

የዓይን ሐኪሟ ከዓይኑ ጀርባ የተላጠውን ስስ ሽፋን በቀዶ ጥገና መልሳ ለጠፈችለት። “እንዲህ የሚራገጥ ጠብመንጃ ከእንግዲህ እንዳይነኩ” አለችው። “አንድ ምት ብቻ ዓይንዎን ጨርሶ ሊያጠፋው ይችላል።”

አንሰል የተማሪ አውቶቡስ ሲጠግን ሠላሳ አንድ ዓመት የኖረ ሰው ነው። ጠብመንጃውን የገዛው አፍሪካ ሄዶ ጎሽ ሊያድንበት ነበር። መጀመሪያ የቤቱ ጣሪያ አፈሰሰ፣ ቀጥሎ ልጁ ኮሌጅ ገባች፤ ጉዞው ቀርቶ ጠብመንጃው ብቻ እጁ ላይ ቀረ። እዚህ ሞንታና ውስጥ ያን የሚያህል ጥይት የሚገባው አውሬ የለም። “በእሱ አጋዘን ብትመታ የሚተርፍህ ቀንዱ ነው” እያልን እንስቅበት ነበር። እሱ ግን ይወደዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ እንደ ልጅ አቅፎት ይመጣል።

ሚስቱ ማርሊስ ከሆስፒታል ሲመለሱ የመጀመሪያ ሥራዋ ጠብመንጃው ያለ እሱ የማይተኩስበትን መቀርቀሪያ አውጥታ መደበቅ ሆነ። አንሰልም ኩሽና መስኮቱ ሥር ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ተቀመጠ፣ ተቀመጠ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ማርሊስ ደወለችልኝ።

“ቨርል፣ ይሄ ሰውዬ የማሰሮ አበባ ሆኗል። ውሃ ላጠጣው ነው የቀረኝ።”

ሄድኩና እርሳስ አቅልጠን የራሳችንን አረር ብናፈስስ ምን ይመስላችኋል አልኳቸው። የእርሳስ አረር በትንሽ ባሩድ፣ ረጋ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ሰደፉም የሚገፋው እንደ ሕፃን ነው። አንሰል ከመስኮቱ ዞረ። ከስንት ሳምንት በኋላ ፊቱን አየሁት።

“ሐኪሟ ትወስን” አለች ማርሊስ፣ እዚያው ደወለች። መልሱ አጭር ነበር፤ እስከ ሚያዝያ ምንም ነገር አይተኩስም። ከዚያ በኋላ ዓይኑ ታይቶ፣ ምቱ በእርግጥ ቀላል ከሆነ፣ ይሞክር።

“እንግዲያው መቀርቀሪያውን ለቨርል አውሰዋለሁ” አለች ማርሊስ ስልኩን ዘግታ። “እሱ ይተኩስ። አንተ ዳር ቆመህ ውጤቱን ደብተር ላይ ጻፍ።”

ኅዳር ላይ እኔ በነበረኝ የማፍሰሻ ቅርጽ ሃያ አረር አፍስሰን ወደ ተኩስ ሜዳው ወጣን። ውጤቱ አሳፋሪ ነበር። ወረቀቱ ላይ የተገኘው ቀዳዳ ክብ አይደለም፤ አረሩ በጎኑ ተጋድሞ ነው የገባው። ግማሹማ ወረቀቱን ጭራሽ አላገኘውም። የተኩስ ክለባችን አፈኛ ራድ ከኋላችን ቆሞ፣ “ቨርል፣ ድንጋይ ብትወረውር አይሻልህም? ባሩዱም ይተርፍሃል!” አለኝ።

ማታ ራት ላይ አንሰል በሹካው ጠረጴዛው ላይ እየሣለ አስረዳን። በዚህ ጠብመንጃ በርሜል ውስጥ አረሩን የሚያሽከረክሩት ቦዮች የሚጀምሩት ከጥይቱ ራቅ ብለው ነው። መሐል ላይ ልሙጥ ባዶ መንገድ አለ። “ፋብሪካ የሠራው ጥይት በጉልበቱ ያልፈዋል። የእኛ ለስላሳ እርሳስ ግን ባዶውን ሲዘል ያዘነብላል፤ ቦዮቹ ጋ ሲደርስ ተንጋድዶ ነው። ባዶውን የሚሞላ ረጅም አረር ነው የሚያስፈልገን።”

“የባዶውን ልክ ታውቁታላችሁ?” አለች ማርሊስ ሳህን እያጠበች።

“በግምት” አልኩ።

“እኔ ጥርስ በግምት ብሠራ ኖሮ፣ የዚህ አገር ሰው ግማሹ ሾርባ ጠጪ ሆኖ ይቀር ነበር።”

ማርሊስ አርባ ዓመት ሰው ሠራሽ ጥርስ ስትሠራ ኖራለች። በማግስቱ ከሥራ ቦታዋ ያን የድድ ልክ የሚወሰድበትን ጎማ መሳይ ሊጥ አመጣች። በርሜሉን ከውስጥ በጥጥ ደፈነች፣ ሊጡን ከኋላ ሞላችበት፣ ሰዓቷን አየች። ሲጠነክር በዘንግ ገፍታ አወጣችው። የባዶው መንገድ መልክ፣ የቦዮቹ ጅማሬ ሳይቀር፣ መዳፏ ላይ ተጋደመ። የአውራ ጣቴን አንጓ የሚያህል ርዝመት ነበረው። አንሰል መነጽሩን አድርጎ ብዙ አየው።

“አንቺ ሴትዮ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የት ነበርሽ?”

“የሰው አፍ ውስጥ።”

ልኩን አይዳሆ ለሚኖር የአረር ማፍሰሻ ቅርጽ ሠሪ በፖስታ ላክንለት። አዲሱ ቅርጽ እስኪደርሰን ሰባት ሳምንት ፈጀ። ከዚያ በኋላ ያለውን ብርድ ያሳለፍነው ጋራዡ ውስጥ ነው፤ የእርሳስ ጭስ ሳንባችሁ ውስጥ እንዳይገባ ብላ ማርሊስ በሩን አታስዘጋንም፣ በረዶው እግራችን ሥር ድረስ ይገባል። አንሰል በግራ ዓይኑ እያየ ያፈስሳል። ቅርጹ ካልሞቀ አረሩ ይጨማደዳል፤ ከሞቀ መስታወት ይመስላል። ማርሊስ አንድ በአንድ እየመዘነች ከግማሽ በላይ መልሳ ድስቱ ውስጥ ትጥላለች።

“ኧረ ሰው አያላምጥበትም፣ ማርሊስ!”

“ጠርዙ ጎዶሎ ነው። መልሰህ አቅልጠው።”

ሚያዝያ ላይ ሐኪሟ ፈቀደች። ሜዳው ላይ እኛ ሦስታችን ብቻ ነበርን። አንሰል ረጅሙን አረር የያዘ ጥይት በእጁ አጎረሰ፣ ተኮሰ። ሰደፉ ቀስ ብሎ ገፋው። ሳቀ። አምስቱን ጨርሶ ወረቀቱን ስናመጣ ቀዳዳዎቹ ጥርት ያሉ ክቦች ናቸው፤ ግን ወረቀቱ ላይ ሁሉ ተበታትነዋል። ሌላ አምስት ተኮሰ። ባሰ። በግራው ልሞክር ቢል ግራ ትከሻው ድሮ አውቶቡስ ሲያነሣ ክሪክ የሰበረው ነው፤ ሰደፉን መደገፍ አቃተው።

“ዒላማው ይታጠፍብኛል” አለ ቀስ ብሎ። “ቀጥ ያለ መስመር ሁሉ ይታጠፍብኛል።” ጠብመንጃውን አስቀምጦ ወደ መኪናው ሄደ። በሩን እንኳ በኃይል አልዘጋውም፤ ቢያላጋው ይሻለኝ ነበር።

ማርሊስ ጥቂት ቆማ አየችው። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

“ይሄ ነገር ከየት ነው የሚያዘው?”

“ማርሊስ፣ ተኩሰሽ ታውቂያለሽ?”

“አላውቅም። አምስት ወር ለፍተን ግን ጥፋቱ የበርሜሉ ይሁን የዓይኑ ሳይለይ ቤት አልገባም።”

አሳየኋት። አርባ ዓመት ጥርስ ሲሞርድ የኖረ እጅ አይንቀጠቀጥም። እየተነፈሰች፣ እያረፈች፣ አምስት ተኮሰች። ወረቀቱን ሳመጣው አምስቱንም ቀዳዳ በመዳፌ ሸፈንኳቸው።

አንሰል ድምፁን ሰምቶ መጥቶ ኖሯል። ወረቀቱን ከእጄ ወሰደ። ልቤ ፈራ፤ ሰው በገዛ ሕልሙ ሲሸነፍ ማየት ደስ አይልም።

“ማን ነው?” አለ።

“እኔ” አለች።

ቀዳዳዎቹን በጣቱ አንድ በአንድ ነካካ። “ቃታውን በጣትሽ እጥፋት ነው የሳብሽው?”

“መሰለኝ።”

“በጫፉ ይሁን። ወደ ቀኝ እየጎተተብሽ ነው።” ፊቱን ወደ ኮረብታው አዞረ። ማርሊስ የኮቱን ጫፍ ይዛ ቆመች። በመጨረሻ፣ “አረሩ ግን ልክ ነበር” አለ። “አያችሁት አይደል? ሥራችን ልክ ነበር።”

ሰኔ ላይ በክለቡ ውድድር ማርሊስ ከአሥራ ዘጠኝ ሰው አራተኛ ወጣች። ራድ ሰባተኛ ነበር፤ መጥቶ እጇን ጨበጣት፣ አንሰልንም ስለ ቅርጹ ሲጠይቀው ግማሽ ሰዓት ቆየ። አንሰል እንደዚያ ሲያወራ ካየሁት ወራት ሆኖኝ ነበር። ኋላ የመኪናው ጭነት መጫኛ ላይ ተቀምጠን ማርሊስ የጋገረችውን ጣፋጭ ፓይ በላን።

“ሁለተኛው ዙር ላይ ስለ ነፋሱ የነገርኩሽን አልሰማሽኝም” አላት።

“ሰምቼሃለሁ። ተሳስተህ ነው።”

አንሰል ነፋሱንና ተኩሱን የሚጽፍበትን ደብተር አወጣ፣ ወደ ግራ ዓይኑ አስጠግቶ አነበበ፣ ገጹን ገለጠ፣ እንደገና አነበበ።

“እውነትሽን ነው” አለ፤ ሳህኑንም ፓይ እንድትደግምለት ዘረጋላት።