በዓል የማያውቁ አጫጆች

ቸሬ ከስድስተኛ ክፍል ትምህርት ሲያቋርጥ በሒሳብ አንደኛ እንደነበር እስቴ ውስጥ ያልነገረው ሰው የለም። ይህን የምታምንለት ግን ልጁ ማክዳ ብቻ ነበረች። እሷም ሰባተኛ ክፍል ከገባች ወዲህ ደብተሯን ወደ እሱ ማምጣት ትታ ነበርና፣ ያን ቀን ከትምህርት ቤት ተመልሳ «አባዬ፣ ይችን የቤት ሥራ ይዩልኝ» ስትለው ደስታውን የሚይዝበት አጣ።

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ አራት ገበሬዎች አንድ ማሳ ስንዴ በስድስት ቀን ያጭዳሉ። ሦስት ቢሆኑ በስንት ቀን ይጨርሳሉ?

ቸሬ መጀመሪያ አራተኛው የት እንደሄደ ጠየቀ። ታሞም ከሆነ ወንፈል ነውና ምትክ ሰው መላክ ነበረበት። ማክዳ አላውቅም አለች። እሺ፣ ቀረ እንበል፤ የእሱን ስድስት ቀን ሦስቱ ሁለት ሁለት ቢካፈሉት ስምንት ቀን ይሆናል። እዚህ ላይ ዝም ቢል ምን ነበረበት! ዝም ማለት ግን አልፈጠረበትም። ከመጪው ሰኞ፣ ከኅዳር ዐሥር ቢጀምሩ ረቡዕ ሚካኤል ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ማጭድ አይነሣም፤ ደግሞ ገብርኤል አለ፣ ጽዮን አለች። በጣቱ አንጓ ሲቆጥር ስምንተኛው የሥራ ቀን ኅዳር ሃያ አራት ላይ ዋለ።

«ዐሥራ አምስት ቀን ብለሽ ጻፊ» አላት።

ጻፈች። በማግስቱ ክፍሉ ሁሉ ስቆባት፣ ደብተሯ ላይ ቀይ ኤክስ ተሰምሮበት፣ ዓይኗ ቀልቶ ተመለሰች። አባቷን ግን ምንም አላለችውም። ቸሬን ያመመው ይህ ዝምታዋ ነው።

በገበያው ቀን መካነ ኢየሱስ ከተማ ሄዶ አስተማሪዋን ዘመነን አገኘውና ጥፋቱ የቱ ላይ እንደሆነ ጠየቀው። ዘመነ ጨዋ ልጅ ነው፤ አልሳቀበትም። አራት ሲባዛ በስድስት ሃያ አራት፣ ሃያ አራት ሲካፈል ለሦስት ስምንት፤ ሁለት ደረጃ ብቻ ነው አለው።

«መጽሐፉ ውስጥ በዓል አይቆጠርም፣ ጋሽ ቸሬ።»

ቸሬ መንገዱን ሁሉ ግራ እንደገባው ሄደ። ስምንቱንማ እሱም አግኝቶት ነበር! በዓል የሌለው ገበሬ የየት አገር ሰው ነው? ሃያ አራቱስ ምንድን ነው፤ ቀን ነው ወይስ ሰው? ቢያገላብጠው ቢያገላብጠው አልገባ አለው። ሁለቱን ደረጃ ግን እንደ ዳዊት እየደጋገመ ቤቱ ደረሰ።

ማክዳ ደጅ ተቀምጣ ትጽፋለች። ገና ሳያርፍ ሁለቱን ደረጃ አንድም ሳይስት አወረደላት።

«እሱማ አለፈ፤ አሁን ሌላ ምዕራፍ ነን» አለች፤ ደብተሩንም በክንዷ ከለል አደረገችው። «ይተዉት አባዬ፣ እኔው እሠራዋለሁ።»

ልጁ ከእጁ ስታመልጥ ታየው። ወደ ከብቶቹ ሊሄድ አሰበና ተወው፤ አጠገቧ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

«እኔ ልንገርሽ አላልሁም» አላት። «አንቺ ንገሪኝ። ሃያ አራቱ የምን ሃያ አራት ነው?»

ማክዳ የሚቀልድ መስሏት ቀና ብላ አየችው። አልቀለደም። ባዶ ገጽ ገለጠችና አራት ሰዎች በመስመር ሣለች፤ በእያንዳንዱ ሰው ሥር ስድስት ስድስት ጭረት ማድረግ ጀመረች። ሁለተኛው ሰው ላይ ስትደርስ ቸሬ ጠፋብኝ አላት።

«ግድ የለም አባዬ» አለች፣ ደብተሩን ወደ እሱ እየገፋች። «ከመጀመሪያው እንጀምር።»