አልቃኝ ያለው በገና

"ይኼው ሥራህ!" አለ አዛናው፣ በጋቢ የጠቀለለውን በገና በገሰሰ ደጃፍ አቁሞ። "አሥሩን አውታር ቃኝቼ ሳልጨርስ የመጀመሪያው ይከዳኛል። ያንን የመሰለ ጊደር ወስደህ ምን ሰጠኸኝ?"

ገሰሰ የሚጠርበውን ሞፈር አስቀምጦ ተነሣ። በወረታ ገበያ ዳር የሚኖር ጠይብ ነው፤ የዘወትር ሥራው የእርሻ ዕቃ ሲሆን፣ በገና የሚሠራው በዓመት አንድ ቢሆን ነው። አዛናው ደግሞ በይፋግ ዙሪያ ስሙ የታወቀ ደርዳሪ ነው። በየዐቢይ ጾሙ የደብሩ ማኅበርተኞች ከብበው የሚያደምጡት እሱን ነው። የአባቱን በገና ምስጥ ስለበላበት በጥር ወር አንዲት የፎገራ ጊደር ሰጥቶ ይኼንን አሠራ። አሁን የካቲት ተጋምሷል፤ የ1957 ዓ.ም. ጾም ሊገባ የቀረው አንድ ሳምንት ብቻ ነው።

"ምኑ ነው ያስቸገረዎት?" አለ ገሰሰ።

"ምኑ ያላስቸገረኝ አለ?"

በእርግጥም አዛናው ያልሞከረው ነገር አልነበረም። መቃኛዎቹ የሚንሸራተቱ መስሎት በጨርቅ አጥብቋቸዋል። ቆዳው እርጥበት ስቦ ይሆናል ብሎ ፀሐይ ላይ አውሎታል። አውታሮቹ የተቀመጡበትን በርኩማ ወደ ላይም ወደ ታችም ገፍቶታል። ለበገናው መንዘሩን የምትሰጠውን ትንሽ ቆዳ፣ እንዚራዋን፣ ከየአውታሩ ሥር እያወጣ መልሷል። ምንም የተለወጠ ነገር የለም። አውታሩ ሲቃኝ ልክ ይሆናል፤ አቀርቅሮ መደርደር ሲጀምር ግን ሌላ ድምፅ ያወጣል፤ መንዘሩም ጭራሽ ይጠፋል።

ሚስቱን ገላነሽን "ይሰማሻል?" ቢላት "ደህና ነው እኮ!" ብላው ወደ ጓዳ ገባች። እሷንም ጠረጠራት። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከጎረቤት ጋር ስታወራ ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ አብዝታለች። ሌላውም ሰው ቢሆን እሱ ሲቀርብ ማንሾካሾክ ጀምሯል። ጠይቡ እንዳሞኘው አገር ሁሉ አውቆ እየሳቀበት መሰለው። ስለዚህ ዛሬ ማለዳ በጭነት መኪና ተሳፍሮ፣ በገናውን እንደ ሕፃን አቅፎ ወረታ ሲደርስ፣ መጀመሪያ ያደረገው የአገሩን ጠብ ለሚዳኙት ሽማግሌ ለአያ አያልነህ ሰው መላክ ነበር። እሳቸው "ገሰሰ አታሏል" ካሉ ከእንግዲህ ከእሱ ቀንበር የሚገዛ ገበሬ አይኖርም።

ገሰሰ ወደ ሚስቱ ወደ ንግሥቲ ዞሮ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

"ምን አልካት?" ብሎ ጮኸ አዛናው።

"መቀመጫ አምጪላቸው ነው ያልኋት።"

ንግሥቲ መቀመጫ ይዛ ወጣች። አዛናው ግን ልቡ ስላላመነ ሁለቱን እያፈራረቀ እያየ ተቀመጠ።

ገሰሰ መቃኛዎቹን አንድ በአንድ ሞከረ። ከአንጀት የተሠሩትን አውታሮች ከላይ እስከ ታች በጣቱ ዳሰሰ፤ የሳሳም የላላም አላገኘም። "እስቲ ይደርድሩት" አለ።

አዛናው ደረደረ። ገሰሰ የሚያየው በገናውን ሳይሆን የሰውየውን አንገት ነበር። አዛናው ቀኝ ጆሮውን ወደ አውታሩ ባስጠጋ ቁጥር ፊቱ ይቋጠራል፤ ቀና ሲል ይፈታል።

"ዘንድሮ አሞዎት ነበር?"

"በጥቅምት ወባ ሦስት ሳምንት ጥሎኝ ነበር። እሱን ከበገናው ምን አገናኘው?"

"ቀኝ ጆሮዎን ይድፈኑትና አንዱን አውታር ይምቱት።"

"ምን ልትሠራ ነው?"

"እኔ አልነካውም። ራስዎ ነዎት የሚመቱት።"

አዛናው ዓይኑን ከገሰሰ እጆች ላይ ሳይነቅል ቀኝ ጆሮውን ደፍኖ መታ። ድምፁ ሞልቶ፣ እየነዘረ መጣ።

"አሁን ደግሞ ግራውን።"

ያው አውታር ደንዝዞ፣ ወርዶ፣ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚጠራ ሰው ሆነበት።

"ፈታኸው!"

"እጄ ጉልበቴ ላይ ነው፣ አያ አዛናው።"

ደገመው። ሠለሰው። ቀኙን ሲደፍን በገናው ይመለሳል፤ ግራውን ሲደፍን ይጠፋል። በመጨረሻ ጣቱ አውታሩ ላይ ቀረ።

"አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበር" አለ ገሰሰ፣ በግራው በኩል ተጠግቶ። "ወባ ታሞ አንድ ጆሮው ሲደክም፣ ብረት የሚቀጠቅጥበት መስፍ ድምፁን ለወጠ ብሎ ሁላችንንም ይጠረጥር ነበር። ሰው የሚያንሾካሹክበት ይመስለው ነበር።"

አሁን ለአዛናው ነገሩ ገባው። ገላነሽ ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም ማለት ነው። ጆሮው የደከመ ደርዳሪ ማን ፊት ይቀመጣል? ማኅበርተኞቹ በትሕትና ዝም ይሉታል፤ ለሚቀጥለው ጾም ግን ሌላ ሰው ይፈልጋሉ።

አያ አያልነህ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ደረሱ። አዛናው ገና አፉን ሳይከፍት ገሰሰ ብድግ አለና ጮክ ብሎ፣ "ጥፋቱ የኔ ነው፣ አያ አያልነህ" አለ። "አውታሩን በደንብ ሳላከርረው ነው የሰጠኋቸው። አስተካክላለሁ።"

ንግሥቲ ባሏን ደንግጣ አየችው። ገሰሰ ግን መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

ሽማግሌው ወደ አዛናው ዞረው በጺማቸው ውስጥ አንድ ነገር ተናገሩ። እንዲህ ያለ ንግግር ሲገጥመው አዛናው እንደሰማ ሰው ራሱን መነቅነቅ ከለመደ ወራት ሆኖታል። አሁንም ቢነቀንቅ ነገሩ እዚሁ ያልቃል፤ በገናውን ጠቅልሎ፣ ስሙን ይዞ ይሄዳል።

"አልሰማሁዎትም" አለ አዛናው፣ ግራ ጆሮውን ወደ ሽማግሌው አዙሮ። "በዚህ በኩል ሆነው ይንገሩኝ። በገናው ምንም የለበትም፤ የታመመው ጆሮዬ ነው።"