የግራ እጅ ስፌት

"እንዳትነኪው ብያለሁ!" አለ የኤግዚቢት ክፍሉ ፖሊስ ከወንበሩ ብድግ ብሎ።

ሸራ ሰፊዋ አልሰማችውም። ሲሚንቶው ላይ ተንበርክካ በአንድ እጇ የሸራውን ጠርዝ ገልብጣ፣ በሌላው መነጽሯን ወደ ላይ ትገፋ ነበር። ጠበቃው፣ ሲጋራ ካቆሙ ወዲህ አፋቸው ከከረሜላ የማይለይ ሽማግሌ፣ የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ ከቦርሳቸው አውጥተው ፖሊሱ አፍንጫ ሥር ያዙለት።

"አንብብ ልጄ። 'እንዲያዩና እንዲመረምሩ' ነው የሚለው። በዓይን ብቻ የሚል ካገኘህበት እኔ ልቀጣ።"

"ጋሼ፣ ቢቀደድስ?"

"ዝናብና ነፋስ ያልቀደደው ሸራ በሴትዮዋ ጣት ሊቀደድ? አይ አንተ!"

ሸራው የባሏ የጭነት መኪና ሸራ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ራሷ ቆርጣ፣ ራሷ ሰፍታ፣ መኪናው ላይ ወጥታ በልኩ ያለበሰችው። ከስምንት ወር በፊት ሾፌሩ ባሏ እህል ጭኖ ከአንዱ ክልል ወደ ሌላው ሊሻገር ሲል ኬላ ላይ አስቁመው ፈተሹት። ከሸራው የኋላ ጥግ፣ ከውስጥ በኩል ከተሰፋ ድብቅ ኪስ፣ እንደ ቂጣ የተዳመጠ ሰባት ኪሎ አደንዛዥ ዕፅ ወጣ። እጁን በካቴና አስረው ወሰዱት። ክሱ ዕፅ ከክልል ወደ ክልል ማዘዋወር ነው፤ ቅጣቱም ዐሥራ አምስት ዓመት ድረስ ይሄዳል።

ዐቃቤ ሕጉ አንቆ የያዘው ደግሞ ዕፁን ብቻ አልነበረም፤ ስፌቱንም ነው እንጂ። ባለሙያ ነኝ ያለ ሰው መጥቶ "የኪሱ ስፌት አጨራረስ ከተከሳሹ ሚስት ሥራ ጋር አንድ ነው" ብሎ ፈረመ። ሚስት ሰፋች፣ ባል ጫነ፤ በቃ፣ አለቀ! እሷን እስካሁን ያልነኳት ባልየው አምኖ ነገሩን ይገላግለናል ብለው ስለሚጠብቁ ነው። ጠበቃው ይህን ሸራ ለማየት አምስት ወር ሙሉ ደጅ ጠኑ።

ጣቷን ስፌቱ ላይ አስኬደችው። ኪሱ የተሰፋው በማሽን አይደለም፤ መኪና ላይ የወጣ ሸራ ማሽን ሥር አይገባም። በጆንያ መርፌና ሰም በተቀባ ክር፣ በእጅ ነው የተሰፋው። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ቆጠረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ልክ ነው። ሌላው ሸራ ሰፊ ክሩን ቋጥሮ ይቆርጣል። እሷ ግን መንገድ ላይ ነፋስ ቋጠሮ ይበላል ትላለች፤ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ትመለስና የክሩን ጫፍ በራሱ ስፌት ሥር ትቀብረዋለች። ባለሙያው አልዋሸም፣ የእሷ ቤት አጨራረስ ነው።

ከዚያ መነጽሯን አስተካክላ ክሮቹ ወዴት እንደተጋደሙ አየች። የእሷ ስፌት ወደ ቀኝ ይጋደማል። ይሄ ወደ ግራ ተጋድሟል፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንድ ሳይቀር። ክው አለች።

"ምን አየሽ?" አሉ ጠበቃው።

"ይሄን የሰፋው ግራኝ ነው፣ ጋሼ።"

ኮሪደሩ ላይ ሲወጡ ሽማግሌው ደስታቸውን መደበቅ አቅቷቸው ከረሜላቸውን ካንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው ያገላብጡት ነበር።

"አንቺ ቀኝ፣ ባልሽ ቀኝ፤ ስፌቱ የግራኝ! የባለሙያ ተብዬው ወረቀት አበቃለት። ግን ዳኛ በወሬ አይፈርድም። ግራኝ በዚያ አጨራረስ ሲሰፋ እንዲህ ይሆናል ብዬ ጠረጴዛው ላይ የማስቀምጠው ናሙና እፈልጋለሁ። ሐሙስ ከመድረሱ በፊት። የምታውቂው ግራኝ አለ?"

"አገኛለሁ፤" አለች።

እንዴት አይኖር! ያንን አጨራረስ በሕይወቷ ያስተማረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ለአቡሽ፣ ለታናሽ ወንድሟ። ልጅ ሳለ እናታቸው ግራ እጁን በጨርቅ ጠፍራ ታስርበት ነበር፣ በቀኙ መብላት እንዲለምድ። እናቲቱ ዞር ስትል የምትፈታለት እሷ ነበረች። "ብላ፣ ቶሎ ብላ" እያለች በር ትጠብቅለት ነበር። በዚያ በፈታችው እጅ መርፌ አስያዘችው፣ ሙያ አስተማረችው፣ ሱቅ ከፈተችለት።

እሱስ ምን አደረገ? ባሏ ከታሰረ ጀምሮ በየእሑዱ እየመጣ ምሳዋን በላ! ዓይኑን በጨው ታጥቦ ገበታዋ ላይ ቁጭ አለ። የሰባት ዓመት ልጇን ጭኑ ላይ አስቀምጦ "አባትሽ ሩቅ መንገድ ሄዷል፣ አሻንጉሊት ይዞልሽ ይመጣል" አላት። እህቱ ስታለቅስ አብሯት አለቀሰ። ሊሄድ ሲል ደግሞ በር ላይ ቆሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እታለም፣ ይመን በይው። ካመነ ይቀንሱለታል፤ አንቺንም አይነኩሽም" ይላታል። ስምንት ወር ሙሉ ይመን፣ ይመን፣ ይመን። እሷም ጅሏ ሁለት ጊዜ እስር ቤት ድረስ ሄዳ ይህንኑ ለባሏ ነግራዋለች! ባሏ በሽቦው ማዶ ሆኖ "አንቺም?" ብሎ ያያት አስተያየት ትዝ ሲላት አንጀቷ ቅጥል አለ። ታክሲ ውስጥ የጮኸች መሰላት፤ አልጮኸችም፤ ጥርሷን ብቻ ነው የነከሰችው።

ቤቷ ገብታ አንድ ክንድ የምታህል ቁራጭ ሸራ መረጠች። በመቀስ ጥጉን ቀደደችው። አንድ ትንሽ እራፊ ጨምራ በፌስታል አደረገችውና በቀጥታ ወደ ወንድሟ ሱቅ ሄደች።

አቡሽ የመኪና ወንበር ልብስ እየገጠመ ነበር። ሲያያት በፈገግታ ተነሳ፤ ግንባሯን ሳማት። ሳመችው። ፊቷ እንዳያሳብቅባት መንገዱን ሙሉ ስትለማመድ ነው የመጣችው።

"እታለም! ምን እግር ጣለሽ? በደህና ነው?"

"ደህና ነኝ። ደንበኛ ናሙና ካላየሁ ብሎኝ ነው። ዓይኔ ዛሬ መርፌ አላይ አለኝ። ይሄን እራፊ ከውስጥ በኩል ጣል አድርግልኝ።"

"ይሄ ነው? በማሽን ባንዴ እሰፋዋለሁ።"

"በእጅ ነው የፈለገው። የጆንያ መርፌ የለህም?"

"ለአንቺማ ምን ይጠፋል!" አለ እየሳቀ። ፊቷ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ክሩን ሰም አስነከሰው። መርፌውን በግራ እጁ ያዘ። እሷም ጉልበቷ ከጉልበቱ ሊነካ እስኪደርስ ተጠግታ ተቀመጠች።

"ሐሙስ ነው አይደል ቀጠሮው?" አለ ዓይኑን ከሥራው ሳያነሳ።

"ሐሙስ ነው።"

"ነገርሽው? ስለ ማመኑ?"

"እሱ ወይ ፍንክች ብሏል።"

"ያ ግትር! ጠበቃ ተብዬውም ዝም ብሎ ነው የሚያደክምሽ፣ የእኔ እህት። መንግሥትን ተከራክሮ የረታ ማን አለ? አምስት ዓመት ቢፈርዱበት ነው፤ አመሉ ካማረ ደግሞ በሦስት ይወጣል። ልጅቷንም እኔ አለሁላት።"

"አንተማ አለህላት" አለች ሸራ ሰፊዋ።

መርፌው ይወጣል፣ ይገባል። ክሩ አንድ በአንድ ወደ ግራ ይጋደማል። ቆንጆ ስፌት ነው፤ እርግማን! ከእሷ የተሻለ ነበር። ጥጉ ላይ ሲደርስ አላሰበም፣ እጁ ራሱ አወቀበት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተመለሰ፤ የክሩን ጫፍ ቀበረ፤ በጥርሱ ቆረጠው።

"ይኸው!"

"እጅህ ይባረክ" አለች። ሸራውን ተቀበለችና ስፌቱን ወደ ውስጥ አድርጋ በጥንቃቄ አጠፈችው። በፌስታል ጠቀለለችው። ፌስታሉን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ዚፑን ዘጋች።

አቡሽ አስተጣጠፏን አየ። ሸራ ሰፊ ለደንበኛ የሚያሳየውን ናሙና እንዲህ አያጥፍም። ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ።

"እታለም... የየትኛው ደንበኛ ነው እሱ?"

"የሐሙሱ።"

ላብ አጠመቀው። መርፌውን የሚያኖርበት ጠፍቶት ካንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረው።

"ጠዋት ሸራውን አሳዩኝ" አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "ስምንት ወር ሙሉ የምረግመው ሰው ማን እንደሆነ ሳላውቀው ነበር። እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ስገላበጥ፣ ባገኘው ምን እንደማደርገው ሳስብ ነበር። ለካ እሑድ እሑድ ምሳ የማበላው እሱን ነው!"

"ስሚኝ፣ አፈር ስሆን ስሚኝ። የዕፁ ባለቤቶች ኪስ ስፋ፣ ጭነቱን እኛ እናውቃለን ነው ያሉኝ። እሱ ካላወቀ አይፈራም፣ ካልፈራ አይጠረጠርም ብዬ... ማንም የሚጎዳ መስሎኝ አልነበረም! አራት ጊዜ እኮ በሰላም አልፏል!"

"አራት ጊዜ?"

አቡሽ አፉን በእጁ ያዘ። አራት ጊዜ። አራቱንም ጊዜ ባሏን እሷ ነበረች "በሰላም ግባ" ብላ በር ላይ የሸኘችው። ወንድሟ ደግሞ ሁልጊዜ አጠገቧ ቆሞ መኪናው ታጥፎ ከዓይን እስኪጠፋ ድረስ እጁን ያውለበልብ ነበር። ግራ እጁን።

"ስጪኝ እሱን ጨርቅ" አለ ተነስቶ። ቦርሳዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

"ሞክር። መንገዱ ሙሉ ሰው ነው፤ እጮሃለሁ።"

"የእናትሽ ልጅ ነኝ እኮ! እኔ ብገባ ልጆቼን ምን ይሏቸዋል?"

"'ሩቅ መንገድ ሄዷል' ይበሏቸው" አለችና ወጣች።

ጠበቃው ቢሮ ስትደርስ ሽማግሌው መጋረጃውን ገልጠው ናሙናውን በመስኮቱ ብርሃን አዩት። ከኤግዚቢቱ ፎቶ ጋር አስተያዩት። ክሩን በጥፍራቸው ዳበሱት።

"ጉድ ነው! መንታ ነው እኮ የሚመስለው" አሉ። ከዚያ ቀና ብለው ፊቷን አዩት፤ ቀስ ብለውም ተቀመጡ። የማን እንደሆነ አልጠየቁም። በሁለት ጣት እየፈለጉ የተየቡትን የምስክርነት ቃል ገፋ አደረጉላት።

"ከላይ ስምሽን እስከ አያትሽ ሙዪው። ከታች ትፈርሚያለሽ። እዚህ ጋ ደግሞ አንድ መስመር ባዶ ትቻለሁ። 'ስፌቱ የማን እጅ ሥራ እንደሆነ' ይላል።"

"መጻፍ አለብኝ?"

"የለብሽም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ልጄ። ሳትጽፊው ብትፈርሚም ለባልሽ አይጎድልበትም፤ ግራኝነቱ ብቻውን ክሱን ይጥለዋል፤ ሐሙስ ባይሆን በሚቀጥለው ቀጠሮ ይወጣል። ከጻፍሽው ግን ይሄ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ባልሽ በወጣበት በር ይገባል። ዐሥራ አምስቱ ዓመት የትም አልሄደም፣ ሰው እየጠበቀ ነው። እኔ የባልሽ ጠበቃ ነኝ። ይሄኛው መስመር የራስሽ ጉዳይ ነው።"

ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። አቡሽ ነው፤ ከሱቁ ከወጣች ጀምሮ ዐሥራ ሁለተኛው ጥሪ። በፊቱ ደፋችው። ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ የአያቷን ስም ሞላች። ፈረመች። ባዶው መስመር ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

አዘነችለት። መዋሸት ምን ያደርጋል፣ አዘነችለት። ያቺ ትንሽ እጅ ከጨርቁ ወጥታ፣ ደም ዘግቷት ቀልታ፣ ጉርሻ ስትዘግን ታየቻት። ከዚያ በሽቦው ማዶ የባሏ ዓይን መጣባት። "አንቺም?" ያላት። ያንን ቃል ከባሏ አፍ ያስወጣው ማን ሆነና! ኪሱንስ መስፋቱን ይስፋ፤ ፈርቶ ዝም ማለቱንም ዝም ይበል። በእሷ ምላስ ባሏን ሊያስፈርድበት የሞከረው ግን በገዛ ገበታዋ ላይ ተቀምጦ ነው። ማዘኗ ራሱ አናደዳት። ብዕሩን ጠበቅ አድርጋ ይዛ ጻፈች፤ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም።

ጠበቃው ወረቀቱን ወደ ራሳቸው አዙረው አነበቡ። ግንባራቸውን ቋጠሩ።

"ተሳስተሻል፣ ልጄ። የመጀመሪያው ስም ይሁን፤ ቀጥሎ ግን የራስሽን አባት ነው የጻፍሽው። የራስሽን አያትም።"

"አልተሳሳትኩም፣ ጋሼ።"

ሽማግሌው ከረሜላቸውን መምጠጥ አቆሙ። ላይኛውን ስም አዩ፣ ታችኛውን አዩ። መሰረዣውን ከመሳቢያቸው አውጥተው ፊቷ አስቀመጡላት።

እሷ ግን መሰረዣውን በክንዷ ገፋ አድርጋ ወረቀቱን ወደ ራሷ መለሰችው። ከስሙ ሥር የሱቁን አድራሻ መጻፍ ጀመረች፤ ከዋናው መንገድ በየት በኩል ታጥፎ እንደሚገባ ሳይቀር።