የጋሽ ገብረ ማርያም ሁለተኛ ዓይን

ሻሺቱ የሥዕል ፈተና ሁለቴ ወድቃለች። ሐሙስ ሦስተኛዋና የመጨረሻዋ ነው። ሐሙስ ከወደቀች መምህር መሆኑ ቀረ፣ ሣጥኗን ይዛ ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ መውጣት ነው። ከጨንቻ በላይ በእግር አንድ ሰዓት የሚያስኬድ መንደር አለ። እዚያ አባቷ አሉ። እዚያ ደግሞ ገነነ የሚባል ሚስቱ የሞተችበት ሰው አለ። አባቷ ለገነነ የሰጡት ቃል አጭር ነበር፦ «ትማር። ካልሆነላት ያንተ ናት።» ገነነ ክፉ ሰው አይደለም። ግን እሷ እስክትወድቅ የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ይኼን ስታስብ እህል አይወርድላትም።

ጊዜው ሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው። እሷ በገባችበት ኮሌጅ አስተማሪ ልሁን ያለ ሁሉ ሥዕል መማር ነበረበት። ሒሳቡ አልከበዳት። አማርኛውም፣ አፏን የፈታችው በጋሞኛ ቢሆንም፣ እንደምንም ተገፋ። የሥዕል ክፍል ስትገባ ግን እጇ እንጨት ይሆናል።

መምህሩ አበጋዝ ይባላል፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው። መጀመሪያ ቀን መስመር ብቻ አሰመራቸው፤ ወረቀት ሙሉ መስመር። ሻሺቱ እርሳሱን እንደ ማጭድ ጨብጣ ስትጫን ወረቀቱ ተቀደደ።

«አታንቂው ሻሺቱ፣» አላት፣ «አያመልጥሽም።»

ክፍሉ ሳቀ። እሷ ግን ተማረች። ክብ ተማረች፣ ሞላላ ተማረች፣ ብርሃን በዚህ ከመጣ ጥላው በየት እንደሚወድቅ ተማረች። እርሳሱን በተዘረጋ ክንድ ይዞ፣ አንድ ዓይን ጨፍኖ፣ የሩቁን ነገር መለካት ተማረች። አንድ ቀን አበጋዝ ከጫሞ ሐይቅ ቆሮሶ የሚባል ዓሣ አስመጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስተኛና፣ «ቶሎ ሣሉ፣ ሙቀቱ ሳይቀድማችሁ» አለ። ሻሺቱ ዓሣውን ከነቅርፊቱ ሣለችው። ከአሥር ስምንት አገኘች። ከዚያ ወዲያ ሰው የሆነች መሰላት።

ከዓሣ በኋላ ሰው መጣ። የሚሣለው ሰው የግቢው ዘበኛ ጋሽ ገብረ ማርያም ነበሩ። አበጋዝ ወንበር ላይ አስቀመጣቸውና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞረው።

«ከጎን ነው የምትሥሏቸው። የምታውቁትን ሳይሆን የምታዩትን።»

ሻሺቱ ግንባራቸውን ሣለች፣ አፍንጫቸውን፣ ጢማቸውን፣ ያቺን የደበዘዘች ኮፍያቸውን። ዓይን ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

ልጅ ሳለች፣ ነፍሷን ይማርና እናቷ፣ ቤተክርስቲያን ውስጥ ወደ ላይ አንስታ የግድግዳውን ሥዕል ታሳያት ነበር። ጌታ ከሐዋርያት ጋር ማዕድ ላይ ተቀምጧል። ሁሉም በሁለት ዓይናቸው ወደ ሰው ያያሉ። አንዱ ብቻ ከረጢቱን ጨብጦ ዞሯል፣ የሚታየው አንድ ዓይኑ ነው። «ይሄ ይሁዳ ነው፣» ትላት ነበር እናቷ። «ፊቱን ከጌታ ሲያዞር አንድ ዓይኑ ቀረ።» ከበታች ያሉት አጋንንትም እንደዚያው ባለ አንድ ዓይን ናቸው። ሻሺቱ ስንት ነገር ረስታ ይኼን አልረሳችም።

ታዲያ ጋሽ ገብረ ማርያምን እንዴት አድርጋ በአንድ ዓይን ትሣላቸው? የመጣች ቀን ሣጥኗን ከበሩ እስከ መኝታዋ የተሸከሙላት እሳቸው ናቸው። የቆላው ወባ የጣላት ጊዜ፣ እሳቸው ሑዳዴ እየጾሙ፣ የሽሮ ፍትፍት ከቤታቸው በሳህን ሸፍነው ያመጡላት እሳቸው ናቸው። እጇ እምቢ አለ። ከጎን በተሣለው ፊት ላይ ሁለት ዓይን አስቀመጠች።

አበጋዝ ወረቀቱን አነሣው። «እኚህ ሰውዬ አደጋ ደርሶባቸዋል?»

ያ የመጀመሪያው ፈተና ነበር፣ ወደቀች። ሁለተኛውም ፈተና ከጎን ነበር። አሁንስ አንዷን ብቻ እሥላለሁ ብላ ገባች፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል እጇ ያቺኑ ሁለተኛ ዓይን ጨመረ። አሁን አበጋዝ አልቀለደም። ዓይኗ ታሞ እንደሆነ ብሎ ወደ ክሊኒክ ላካት። ነርሷ አየቻትና ደህና ናት ብላ ጽፋ መለሰቻት፤ ይኸ ደግሞ ባሰ።

«ዓይንሽ ደህና ከሆነ ምን ነካሽ?» አለ። «ዓሣውን በአንድ ዓይን ሥለሽው የለ?»

የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ ይሥቅብኛል ብላ ምክንያቱን ደበቀችው።

ሦስተኛው ፈተና ሳምንት ሲቀረው ግን ለኢየሩስ ነገረቻት። ኢየሩስ አንድ ክፍል አብራት የምታድር የምዕራብ ዓባያ ልጅ ናት፣ ጴንጤ ናት፣ አፏ አያርፍም።

«ቆይ፣ ዓሣው ላይ ለምን አልከበደሽም?»

«ዓሣማ ምን ኃጢአት አለበት?»

ኢየሩስ አልጋዋ ላይ ተንከባለለች። «ቲቸርስ ሲለካ አንድ ዓይኑን ይጨፍን የለ? እሱም ይሁዳ ነዋ።»

«አንቺ በሁሉም ትቀልጃለሽ።»

«እየቀለድኩ አይደለም፣ እየለመንኩሽ ነው።» ኢየሩስ ተነሥታ ቁጭ አለች። «አንዲት ዓይን ናት ሻሺ። አንዲት ዓይን ትተሽ ብትወጪ እግዜር ይረዳሻል። ገነነ ግን አይረዳሽም።»

ሻሺቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳዋን ለኢየሩስ ትሰጥ ጀመር።

ሐሙስ ጠዋት ሸቻ ሰፈር ወዳለው ቤተክርስቲያን ሄደች። ደጀ ሰላሙ ላይ ተደፋች፣ ግን የምትለምነው ጠፋት። ልለፍ ብትል ጋሽ ገብረ ማርያምን እንደ ይሁዳ ልትሥል ነው፣ ልውደቅ ብትል የገነነ ቤት ነው። «አንተ ታውቃለህ» ብቻ ብላ ተነሣች። ስትመለስ በሩ ላይ ጋሽ ገብረ ማርያም ዓይኗ ማበጡን አዩ።

«ምነው ልጄ? ከቤት መጥፎ ወሬ መጣ?»

መንገር አልነበረባትም፣ ነገረቻቸው። የእናቷን ነገር፣ የግድግዳውን ሥዕል፣ ገነነን፣ ምሳ መተዋን፣ ሁሉንም። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው ጭንቅላታቸውን አከኩ።

«ስንት ናችሁ ክፍሉ ውስጥ?»

«አርባ ሁለት።»

«አርባ አንዱ ይሁዳ አድርጎኛል በይኛ። እኔ ደግሞ ጢሜን አበጥሬ ነው እኮ የምቀመጥላችሁ።»

ትሥቅ ወይ ታልቅስ ጨነቃት። እሳቸው ግን ማሰብ ጀምረው ነበር።

ፈተናው ላይ የቀሩት የወደቁት አምስት ልጆች ናቸው። ጋሽ ገብረ ማርያም ወደ መስኮቱ ዞረው ተቀመጡ። የተሰጣቸው ጊዜ ሁለት ሰዓት ነው። ሻሺቱ ሞላላውን አወጣች፣ ዓይን የሚያርፍበትን መሐል ለካች፣ አፍንጫውን ጀመረች። ቀና ስትል አፍንጫው ቦታ ለቋል። አስተካከለች። እንደገና ቀና ስትል ጉንጩ ሰፍቷል። የሽማግሌው አንገት በቀስታ፣ በጣም በቀስታ፣ ወደ እሷ እየዞረ ነበር። የሁለተኛው ዓይናቸው ጫፍ ብቅ ብሏል።

ገባት፤ ሁለቱንም ዓይን እንድታይ ነው የሚዞሩላት። እንባዋ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ።

«ቲቸር፣ ጋሼ ይንቀሳቀሳሉ፣» አለ ከኋላዋ ሲሳይ የሚባል ልጅ። «የኔ ጆሮ ሁለቴ ተሰረዘ።»

አበጋዝ መጣ። «ጋሼ፣ ምን ሆኑ?»

«አንገቴ ነው፣ የድሮ ሕመም አለብኝ።»

«ስንት ጊዜ ተቀምጠዋል፣ አንድ ቀን አመመኝ አላሉም።» አበጋዝ እሳቸውን አየ፣ እሷን አየ፣ ወረቀቷን አየ። የተቆጣ አይመስልም፣ የደከመው ነው የሚመስለው። «ወደ መስኮቱ ይመለሱልኝ፣ እባክዎ። ሻሺቱ፣ ይኸ አይሆንም። አዲስ ወረቀት ውሰጂ። አርባ ደቂቃ አለሽ።»

አርባ ደቂቃ። እርሳሱን አነሣች። ባዶውን ወረቀት ስታይ የመንደሩ ዳገት ታያት፣ ሣጥኗ በአባቷ በቅሎ ላይ ሲወጣ ታያት።

ጋሽ ገብረ ማርያም ሳይዞሩ፣ ከንፈራቸውን እንኳ ብዙ ሳያንቀሳቅሱ፣ ተናገሩ።

«ሣዪኝ ልጄ። ወዲያ ያለችውን ዓይን የሰጠኝ ጌታ ያያታል።»

«ጋሼ፣ ዝም ብለው ይቀመጡልኝ፣» አለ አበጋዝ።

ሻሺቱ አማተበችና ጀመረች። ግንባር፣ አፍንጫ፣ ጢም። ዛሬ ጢሙ እውነትም ተበጥሯል። ከዚያ ዓይኑን፣ አንዱን ብቻ፣ ከነሽፋሽፍቱ ሣለች። የሠራችው ሥዕል እሳቸውን ነበር የሚመስለው፤ መምሰሉ ደግሞ ልቧን ሰበረው። እያለቀሰች ልትጨርስ ስትል ስም የሚጻፈው ከወረቀቱ ጀርባ መሆኑ ትዝ አላት። ገለበጠችው። በመስኮቱ ብርሃን ላይ ያዘችውና የመጀመሪያዋ ዓይን የወደቀችበትን ቦታ ፈለገች። ልክ እዚያው፣ ከጀርባ፣ ሁለተኛዋን ሣለች። ከሥሯ ስሟን ጻፈች።

አበጋዝ እያንዳንዱን እየጠራ እዚያው ያርም ነበር። የእሷን ብዙ አየው። ስሟን ሊያይ ገለበጠና ቆመ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ያየሁት ከፊት ነው ቲቸር፣» አለችው። «ያላየሁት ከኋላ ነው። ለይቻለሁ።»

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ከፍ አደረገ። በብርሃኑ ሁለቱም ዓይኖች ታዩ። ለምን እንደሆነ ጠየቃት፣ ነገረችው። አልሣቀም። ቀዩን ብስክሪፕቶ አንሥቶ ከፊት ለፊቱ «ሃምሳ» ብሎ ጻፈ። ማለፊያው ከመቶ ሃምሳ ነው።

«ጀርባውን አላረምኩም፣» አላት። «ውጪ።»

ጋሽ ገብረ ማርያም በሩ ላይ ቦታቸው ተመልሰው ነበር። ሻሺቱ መጥታ አጠገባቸው ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«አለፍሽ?»

«አለፍኩ።»

«ያቺኛዋንስ የት አደረግሻት?»

«ከጀርባ።»

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አስተካከሉ።

«ልክ ነው፣» አሉ። «እዚያው ነው ያለችው።» ከዚያ ከኪሳቸው የላንቴ መንደር ሙዝ አውጥተው፣ «ብዪ፣ ሳምንት ሙሉ አልበላሽም» አሏት።