አንዲት ትርፍ ዜሮ

ለታሪክ ይመዝገብ፦ ማክሰኞ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት፣ በሳይንስ ኮሌጁ የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ያሉት ሃያ አራት ኮምፒውተሮች አንድም ሳይቀር ተከፈቱ። መምህሩ ይህንን ቆሞ አበሰረ፤ ተማሪዎቹም በክብር አዳመጡ።

ዕለቱ የመሠረታዊ ሂሳብና ኮምፒውተር የተግባር ፈተና ነበር። ተፈታኞቹ ሃያ ሦስት ወጣቶችና እትዬ ናቸው። እትዬ በዚያው ኮሌጅ ላብራቶሪ አስራ ዘጠኝ ዓመት ብልቃጥ ያጠቡ ሴት ናቸው። አንድ ቀን «የማጥበው ነገር ውስጥ ምን እንደነበረ ልወቅ» ብለው ተመዘገቡ። አምና በዚሁ ፈተና ወደቁ፤ ጣታቸው ካልኩሌተር ላይ ስለማይፈጥን ሰዓቱ ቀደማቸው። ዘንድሮ ከወደቁ ይሰናበታሉ። ሦስተኛ ዕድል የሚባል የለም።

ክፍሉ ማንም አውጥቶ የማይናገረው ልማድ ነበረው። ስሌቱ በካልኩሌተር ይሠራል፣ መልሱ ኮምፒውተሩ ላይ ይተየባል፣ ታትሞ ለመምህሩ ይሰጣል። ወረቀት ላይ ሲታይ ካልኩሌተር ያስላው ኮምፒውተሩ አያስታውቅም። መምህሩም ለንጽሕናው ማርክ ይሰጣል። በዚህ ሙያ አንደኛ የነበረው ልጅ ቅጽል ስሙ ራሱ «ካልኩሌተር» ነበር።

እትዬ ግን ጣታቸውን ስለማያምኑት የኮምፒውተሩን የመርጃ ገጽ ዓመቱን ሙሉ እያነበቡ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲያሰላ ፎርሙላ መጻፍ ለመዱ።

ጥያቄው ስለ ባክቴሪያ ነበር። መነሻው 4000 ነው፤ የአስራ ሁለት ሰዓት ቆጠራ ተሰጥቷል። እያንዳንዱን ለመነሻው አካፍሉ፣ በአስር መሠረት ሎጋሪዝሙን አውጡ፣ ግራፍ ሥሩ።

«እትዬ፣ ገና መጀመሪያው ሳጥን ላይ ነዎት?» አለ ካልኩሌተር ወንበሩ ላይ ተንጋሎ። «ብልቃጥ እኮ አይደለም፣ አይሰበርም!»

«አንተ ጨረስክ?»

«ድሮ!»

እትዬም እንደምንም ጨረሱ። ማተም ሊጀመር ሲል የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ገባች።

«ይቅርታ፣ ወረቀቱ ላይ አንዲት ዜሮ በትርፍ ገብታለች። መነሻው አራት ሺህ ሳይሆን አራት መቶ ነው። አስተካክሉ፤ አምስት ደቂቃ አላችሁ።»

«ወይኔ ጉዴ!» አለ አንዱ ከኋላ። ሃያ ሦስት ካልኩሌተር በአንዴ ይንቀጫቀጭ ጀመር።

እትዬ መነሻው ላይ ሄደው አንዷን ዜሮ አጠፉ። ዓምዱ በሙሉ በራሱ ተለወጠ፤ ግራፉ እንዳለ ብድግ አለ። ቁጥሮቹን አተኩረው አዩና ሳቃቸው መጣ። ሁሉም ላይ የተጨመረው ልክ አንድ ነበር።

«እህ! አስር እጥፍ ለሎጋሪዝም አንድ ብቻ ነው ለካ!» ብለው እጃቸውን አወጡ። «ጨርሻለሁ።»

ኃላፊዋ መጥታ ጎንበስ አለች። «እስቲ መነሻውን አርባ ያድርጉት።»

«አደርገዋለሁ። ግን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ሁሉም አንድ አንድ ይጨምራል።»

ነኩት። አንድ አንድ ጨመረ። ኃላፊዋ እስክሪብቶ አውጥታ የእትዬ የጥያቄ ወረቀት ላይ «ሙሉ» ብላ ጻፈች። እትዬ ተነስተው ቆሙ፤ ደስታቸውን ወንበሩ አልቻለውም።

«እንዴት አድርገው ነው?» አለ ካልኩሌተር። እሱ ገና አራተኛው ሰዓት ላይ ነበር።

«የሠራው ኮምፒውተሩ ነው ልጄ። እኔ ያዘዝኩት ብቻ።»

«እኔም ደጋግሜ ያስተማርኩት ይሄንኑ ነው» አለ መምህሩ ደረቱን ነፍቶ። ተማሪዎቹም፣ መቼስ፣ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«እንግዲያው የእርስዎን መልስ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ያሳዩንና እናመሳክር» አለች ኃላፊዋ።

መምህሩ በራሱ ላፕቶፕ መልሱን ከፍቶ መነሻው ላይ 400 ብሎ ጻፈ። ግድግዳው ላይ 400 በትልቁ ታየ። ከሥሩ ያለው ዓምድ ንቅንቅ አላለም።

«ዘግይቶ ይሆናል» አለ መምህሩ።

ሁሉም ጠበቀ። ኃላፊዋ ሰዓቷን አየች።

መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ወንበሩን አነሳና እትዬ አጠገብ አስቀምጦ ቁጭ አለ። ከኋላው ሃያ ሦስት ወንበር ሲጎተት ተሰማ።