ሁለተኛው ታንክ

ሁሉንም ሰው አማክሬአለሁ። ሐኪሙን ጠየቅሁ፣ እህቷን ጠየቅሁ፣ በያጁን ጠየቅሁ። ሚስቴ ግን ከግድግዳው ማዶ ተኝታ ነበር፤ ቢርቅ አሥር እርምጃ ነው። እሷን አልጠየቅኋትም።

ሥራዬ የቤት ዕቃ ቀለም መርጨት ነው። የቁም ሣጥን በር፣ የወጥ ቤት መደርደሪያ፣ የአልጋ ራስጌ፣ አናጺዎች ሠርተው ያመጡልኛል፤ እኔ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ እቀባለሁ። የምሠራባት የቆርቆሮ ክፍል ከመኝታ ቤታችን ግድግዳ ጋር የተጣበቀች ናት። ለመርጫዬ አየር የሚያጠራቅምልኝ ኮምፕሬሰሬ ደግሞ ድምፁ እንጂ ሆዱ ትልቅ አይደለም። አንድ በር ተኩል እንደረጨሁ አየሩ ይደክማል፣ ሞተሩ ይነሳና ቤቱን ያንቀጠቅጠዋል። በደከመ አየር ከተረጨ ቀለሙ እየተንጠባጠበ በሩን ያዥጎረጉረዋልና ታንኩ እስኪሞላ አራት ደቂቃ ቆሞ መጠበቅ ነው።

አራት ደቂቃ ሌላ ሥራ ለመጀመር አትበቃም፤ ዝም ብሎ ተገትሮ ለመቆም ደግሞ ትረዝማለች። ስለዚህ ወደ ሚስቴ እገባለሁ። ልቧ ከደከመ ዓመት አልፎታል፤ ከአልጋ የምትወርደው በሰው ድጋፍ ነው። ውሃ እሰጣታለሁ፣ ትራሷን ከፍ አደርግላታለሁ፣ አናጺዎቹን አማላታለሁ፣ ሞተሩ ጸጥ ሲል እመለሳለሁ። በቀን ሃያ ጊዜ ሳልገባ አልቀርም። በገባሁ ቁጥር ሻሿ ቀጥ ብሎ ታስሮ ነው የማገኛት። ንጹሕ ሴት ናት ብዬ አልፌዋለሁ።

ታላቅ እህቷን ሁላችንም እትዬ ነው የምንላት። በየቀኑ ልትጠይቃት ትመጣለች፣ መጥታም እኔን ሳትሰድብ አትሄድም።

«አንተ ሰውዬ፣ ሐኪሙ ዕረፍት ያስፈልጋታል አላለም? እሷን የሚጨርሳት በሽታው ሳይሆን ይሄ ጭራቅህ ነው!»

ደሜ ፈላ። የፈላው ግን እውነቷን ነው ብዬ ስላመንኩ ነው። ሐኪሙ ዘንድ ሄጄ ስለ ጩኸቱ ብጠይቀው «ጸጥታ ቢኖር መልካም ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ጥርሴን እነክስ ነበር።

በያጁ ጓደኛዬ ነው። ነገሩን ስነግረው ኮምፕሬሰሩን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ «ሞተሩን ተወው፤ ሆዱን አሳድግለት» አለኝ። «ብዙ አየር ካጠራቀመ ቶሎ ቶሎ አይነሳም።»

ከተጣለ የጭነት መኪና ላይ የተነቀለ የፍሬን አየር ታንክ ይዞ መጣ። የእኔን ታንክ ሁለት እጥፍ ይሆናል። ያን ዕለት እንግጠመው ብዬ ብለምነው ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። መጀመሪያ ውሃ አፉ ድረስ ሞላው፣ በእጅ ፓምፕ ከምንፈልገው ግፊት በላይ ወጠረው፣ ከዚያ ግማሽ ቀን ሙሉ ብየዳውን በጣቱ እየዳሰሰ ላብ የምታህል ጠብታ ፈለገ። «በውሃ ቢቀደድ ያበሰብሰናል፤ በአየር ቢሆን ግን የሚለቅመንም አይገኝ» አለ። ምንም አላንጠባጠበም። ሁለቱን ታንኮች በወፍራም ቧንቧ አገናኛቸው፤ መሐል ላይ የምትዘጋ ቫልቭ ሠካ።

«ትርፉን ካልፈለግኸው ይቺን ዝጋና እንደ ድሮህ ሥራ» አለኝ።

«ማን ሞኝ አለና ይዘጋታል!» አልኩት።

በማግሥቱ ሞተሩ ሳይነሳ አራት በር ተኩል ረጨሁ። ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ወደ ሚስቴ ሮጥሁ።

«ሰማሽ?»

«ምኑን?»

«ጸጥታውን ነዋ!»

ሳቀች። «እንኳን ደስ ያለህ፣ ኢንጂነር» አለችኝ። ሲያሾፍባት የኖረ ሰው ላይ ስታሾፍ ዓይኖቿ ይጠባሉ።

ሁለቱን ታንኮች ለመሙላት ደግሞ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። አሥራ ሁለት ደቂቃ ሥራ ያሠራል። ሁለት በር ማለስለስ ይቻላል። ሞተሩ ሲነሳ ብርጭቆ ወረቀቴን አነሳለሁ፤ ሲጠፋ መርጫዬን አነሳለሁ። ውሃ እንዳይጎድልባት ጠዋት ጠዋት ጆግ ሞልቼ አጠገቧ አስቀምጣለሁ። በዚህም ኮርቻለሁ፤ አፈር ልብላ!

በአምስተኛው ቀን ለምሳ ስገባ ሻሿ አንገቷ ላይ ወድቋል፣ ፀጉሯ ተበታትኗል።

«ምነው እመቤት፣ ሻሹን ጣልሽው?»

«መቼ እንደምትመጣ በምን ልወቅ?» አለችኝ። «ድሮ ሞተሩ ሲነሳ መጣ እላለሁ፣ ሻሼን አስራለሁ፤ ወዲያው ትገባለህ። አሁን ይነሳል፣ አስራለሁ፣ እጠብቃለሁ፣ እሱም ይጠፋል፣ አንተም የለህም። ሞኝ መሰልኩ እኮ!» ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

«ጩኸቱ አያምሽም ነበር?»

«ማን ጠየቀኝ? እኔማ ደስ ይለኝ ነበር።»

አንጀቴን በላችው። ቫልቩን አሁኑኑ እዘጋዋለሁ ልል አፌን ከፈትሁ፤ ያወጣሁት ግን ሌላ ነው። «ስምንት በር ብቻ ነው የቀረኝ። ነገ ልጨርስና እዘጋዋለሁ።»

«እሺ ኢንጂነር። በል ጆጉን አቅርብልኝና ሂድ።»

በማግሥቱ ከምሳ በኋላ ሞተሩ ተነሳ። እያለሰለስሁ ነበር። ልግባ አልሁ፤ የበሩ አንድ ጠርዝ ስለቀረኝ እሱን ልጨርስ አልሁ። ከዚያ ሌላኛው በር ተከተለ። ሞተሩ ጠፋ፣ ታንኮቹ ሞሉ፣ መርጫዬን አነሳሁ። አራተኛው በር መሐል ላይ ሳለሁ እትዬ ስትጮህ ሰማሁ። የግፊት መለኪያው ቀስት ገና አልወደቀም፤ የሚበቃ አየር ነበረኝ።

ሮጬ ስገባ ሻሿ ታስሯል። ቀጥ ብሎ፣ ቋጠሮው ወደ ኋላ፣ አንዲት ፀጉር ሳታመልጥ። እጆቿ ብርድ ልብሱ ላይ ናቸው። ሞተሩ ሲነሳ ሰምታለች ማለት ነው። አስራ ጠብቃኛለች። ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ።

እትዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አልሰደበችኝም። ትከሻዬን ይዛ እያለቀሰች፣ «አይዞህ ወንድሜ፣ ደግ አደረግህ» አለችኝ። «ያን ጩኸት አጠፋህላት። በጸጥታ ሄደች።» እውነቱን ልነግራት ፈልጌ ነበር። እስከ ዛሬም አልነገርኋትም።

ለቅሶ ደራሹ ከተበተነ በኋላ ወደ ቆርቆሮዋ ክፍል ተመለስሁ። አራት በር ተኩል ቀርቶኛል። ቫልቩን ዘጋሁት፤ አዲስ ስለነበር በሁለት ጣት ዞረ። አንድ በር ተኩል እንደረጨሁ ሞተሩ ተነሳ፣ ግድግዳውም ተንቀጠቀጠ።

መርጫዬን አስቀምጬ ገባሁ። ብርጭቆ ውሃ ቀዳሁ። ፍራሹ ተጠቅልሎ ራስጌው ላይ ተደግፏል። ወንበሩ ላይ ተቀመጥሁና፣ «አናጺው ዛሬም በሩን አጣሞ ነው ያመጣው» አልሁ። ሞተሩ እስኪጠፋ ጠበቅሁ።

የቀሩትን በሮች እስክጨርስ ሦስት ጊዜ ገባሁ።